እስክትነዳ ድረስ በዋስ

ማስታወቂያው የተለጠፈው በመሥሪያ ቤቱ የእንጨት በር ላይ ነበር። እኔ ከሩቅ ስለማይታየኝ አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ እስኪቃረብ ተጠግቼ አነበብኩት። «የባልትና አስተማሪ ይፈለጋል» ይላል። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፤ ጨርሻለሁ። አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል፤ በአንዱ ሲሰድቡኝ በሌላው መመለስ እችላለሁ። ልብስ ስፌት፣ የምግብ አሠራርና የሕፃናት አያያዝ የተማረ፤ እሱንም ተምሬያለሁ። ቦታውማ የኔ ነው ብዬ ፈገግ እያልኩ የመጨረሻው መሥመር ላይ ደረስኩ። «መንጃ ፈቃድ ያለው።»

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ ነቀምቴ ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት አንዲትም አላውቅም። ወንዶቹም ቢሆኑ ከጭነት መኪናና ከባለሥልጣን ሾፌሮች በቀር መሪ የጨበጡ ጥቂት ነበሩ። ሥራው ደግሞ በዙሪያችን ባሉት ትንንሽ ከተሞች እየዞሩ ሴቶችን ሰብስቦ የቤት ሙያ ማስተማር ነው፤ ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣት፣ ሕፃን ስለ ማጠብ፣ የሕፃን ልብስ ስለ መስፋት። ለዚህ የምትሆነው ሴት እንደ ሆነች ማንም ያውቃል። ወንድ አስተማሪ ሰው ጓዳ ገብቶ «ጡት ስታጠቢ እንዲህ አድርጊ» ቢል ባልየው በምን እያባረረ እንደሚያስወጣው መገመት አያዳግትም። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ ለሴት ሥራ የፈለገው ሴት የሌላትን ወረቀት የያዘ ሰው ነበር። ይህን ያሰበው ጫማው ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት ብዬ ተናደድኩ።

ከሁሉ የሚያበሽቀው መሥሪያ ቤቱ መኪናም ሾፌርም ያለው መሆኑ ነው። መኪናዋ አንዲት ላንድሮቨር ናት። ሾፌሯ እንኳን መሪዋን፣ በሯንም ሌላ ሰው እንዲከፍታት አይወድም፤ አለቃው ራሱ ሊገባ ሲል ጫማውን ያስጠርገው ነበር። ትምህርቱ የሚያስፈልጋቸው ሴቶች ደግሞ ያሉት መኪና በማይደርስበት ነው። ክረምት ላይ ወደ ቢላ የሚወስደው መንገድ በቅሎ እንኳ እያማረረች የምትሄድበት ነበር። መንገድ ለሌለው አገር ሾፌር መፈለግ ምን ይባላል?

እኔ ደግሞ እንኳን ፈቃዱን፣ መኪናውን ቢሰጡኝም አልነዳም። ዓይኔ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያይም። መርፌ ላይ ክር አስገቢ ብባል የሚቀድመኝ የለም፤ ማዶ የቆመው ሰው ይሁን ግንድ ግን አልለይም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ለቆመ የኑግ ጆንያ «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቻለሁ፤ ደኅንነቱን እስኪነግረኝም ቆሜ ጠብቄዋለሁ። እንዲህ ያለች ሰው መሪ ብትይዝ ነቀምቴ ውስጥ በግ አይተርፍም።

ሥራው ግን የግድ ያስፈልገኝ ነበር። እናትና አባቴ ከሞቱ በኋላ ነቀምቴ የተማርኩት የአባቴ እኅት ቤት ተቀምጬ ነው። ወንድሜ ቢላ ላይ ሱቅ አለው፤ ያን ክረምት ሥራ ካላገኘሁ መስከረም ሲጠባ መጥቶ ሊወስደኝ ከአክስቴ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እሱ ቤት የገባ ዘመድ ከባንኮኒው ኋላ ይቆማል፤ ከዚያ የሚወጣው ወይ ሲያገባ ወይ ሲሞት ነው። ጨውና ሳሙና ስሸጥ ዕድሜዬ ሲያልቅ እየታየኝ እንቅልፍ አጣ ነበር። ከሩቅ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አክስቴን አዳዳ ነው የምላት፤ በኦሮምኛ የአባት እኅት አዳዳ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር የምትኖር ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ቅቤዋ ውስጥ ድንች አይገባም፤ ንግግሯ ውስጥም ውሸት አይገባም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በመዘምራኑ መካከል ቆማ ከሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ ትዘምራለች፤ ዜማዋ ግን ከሌሎቹ ጋር የሚገናኘው አሜን ላይ ነው። የማስታወቂያውን ነገር ስነግራት ቅቤዋን በቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

«መንጃ ፈቃድ የሚሉት ምንድነው?» አለችኝ።

«መኪና ለመንዳት የሚሰጥ ወረቀት ነው።»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«አዲስ አበባ ነው የሚሰጡት፤ ነድተሽ ስታሳያቸው።»

«የምትነጂውንስ መኪና ማን ይሰጥሻል?»

«ማንም።»

አዳዳ የያዘችውን ቅቤ አስቀመጠችና «ታዲያ ኢንተላ ቶ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ታዲያ እስክታገኚው ዋቢ ይዘሽ አትሄጂም?»

ዋቢ በኦሮምኛ ዋስ ነው። ያን ጊዜ ያለ ዋስ የሚሆን ነገር አልነበረም። ቤት የሚከራየውም፣ ዘበኛ ሆኖ የሚቀጠረውም፣ ተከሶ ከእስር የሚወጣውም ዋስ ይጠራል። ለመንዳት ዋስ የጠራ ግን ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቄ አመለጠኝ።

«አዳዳ፣ ዋስ ለዕዳ ነው እንጂ ለመንዳት አለ እንዴ?»

«ያልነዱት መንዳትስ ዕዳ አይደለም?» አለችና ቅቤዋን መጠቅለሏን ቀጠለች።

ለምርመራ ቅረቢ በተባልኩበት ቀን አብረን ሄድን። ከኛ በፊት አንድ አመልካች ገብቶ ነበር። መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣው እሱ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጨርቅና ጨው የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ትከሻው በር የሚያክል። ከመኪና ሥር መተኛት ሰልችቶት የወር ደመወዝ ያለው ሥራ ይፈልጋል። ግድግዳው ጣውላ ስለ ሆነ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ሰማን። አለቃው ከሸዋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ወረቀት የሚያከብር ሰው ነበር።

«ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ምን ይሰጠዋል?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ የምሰጠው ከረሜላ ነው» አለ ሾፌሩ ሳያመነታ። «መኪናዬን ሲያዩ እየሮጡ ይመጣሉ፤ እበትንላቸዋለሁ።»

«የስድስት ወሩ ሕፃን ነው የሚሮጠው?»

«ጌታዬ፣ የአርጆ ልጆች ፈጣኖች ናቸው።»

አዳዳ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በወረቀቱ ከተሄደ ቦታው የሰውዬው ነው።

ተራችን ደርሶ ስንገባ አለቃው ራሱን ይዞ ተቀምጧል። የትምህርት ማስረጃዬን አየ፤ የሰፋሁትን የሕፃን ቀሚስ አገላብጦ ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረገው። እንደ ወደደው ያስታውቃል።

«መንጃ ፈቃድስ?» አለኝ።

«የለኝም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ምን ላድርግሽ? ከላይ የመጣ ነው፤ እኔ አልጻፍኩትም።»

«ዋቢን ኢሼ አና» አለች አዳዳ ከኋላዬ፤ ዋሷ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች። የአዳዳ አማርኛ የገበያ አማርኛ ስለ ሆነ አንተንና እርስዎን እጇ ላይ እንደ ገባላት ነው የምትጠቀምባቸው። «ፈቃድ እስክታመጣ እኔ ዋስ ነኝ። ቆርቆሮ ቤት አለኝ። ቅቤ ተራ ሄደህ ይጠይቁ። ዋስ ሆኜ የካድኩት ሰው የለም።»

አለቃው የጎደለ ማስረጃ በዋስ መቀበል ልማዱ ነበር። መንዳትን ግን በዋስ ተቀብሎ አያውቅም። ዓይኑን ወደ ኮሪደሩ ላከ። እዚያ ባለ ከረሜላው ሰውዬ አግዳሚ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ መሳቢያውን ሳበና ለሁሉም የሚሞላውን የዋስ ወረቀት አወጣ። መንጃ ፈቃዷን እስከ ጥር መጨረሻ ልታቀርብ፣ ግዴታዋን ባትፈጽም ዋሷ በእግሯ ተተክታ ልትፈጽም ብሎ ሞላበት። እጁ ስለ ለመደው ጻፈው እንጂ የሚጽፈውን ልብ ያለው አይመስለኝም። አዳዳ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከማተሟ በፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አደረገች። ሲያነብ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው።

እንዲህ ሆኜ ሥራ ጀመርኩ። የስፌት ሣጥኔን ይዤ ሲሬ በጭነት መኪና ላይ፣ ዲጋ በእግሬ፣ ቢላ በበቅሎ እሄድ ነበር። በየከተማው ያሉ ሴቶች መጀመሪያ የሚመጡት ያላገባች ልጅ ስለ ሕፃን ምን ታውቃለች ብለው እኔን ለማየት ነው። ቀጥለው ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በኋላ የባሎቻቸውን ሐሜት ይዘው ይመጣሉ፤ ትምህርቱ እንደ ተያዘ የማውቀው ያን ጊዜ ነው። ቢላ ላይ የምሰበስባቸው ከወንድሜ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ነበር። ሌላ ጥላ ጠፍቶ አይደለም። ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ሳሙናም ከሱ ነው የምወስደው፤ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ በገዛ እጁ ያቀብለኛል። እንዴት ደስ ይለኝ እንደ ነበር አልደብቅም።

በነዚያ ወራት ሁሉ መኪናሽን የት አቆምሽው ያለኝ ሰው የለም። ጥር ግን እየቀረበ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር እንዲያስተምረኝ ብለምነው «መጀመሪያ ማጠብ ይለመዳል» አለኝ። ሳጥብ ከረምኩ። ላንድሮቨሯን ከውጭ እንደኔ የሚያውቃት አልነበረም፤ ውስጧን ግን አንድም ቀን አላሳየኝም። የጭነት መኪና ሾፌሮቹ ደግሞ የሚያስተምሩት ረዳታቸውን ነው። ረዳት ለመሆን ጎማ እየነፉ፣ ጭነት እያሰሩ፣ ሲመሽ ከመኪናው ሥር እየተኙ ዓመታት መክረም ነው። ለአንዲት ሴት ልጅ ይህ እንዴት ይሆናል? ፈቃድ አምጪ ማለት አታምጪ ማለት ነበር።

ጥር አለቀ። ባለ ከረሜላው ሾፌር ቀኑን ከኔ ይልቅ ሲጠብቅ ኖሮ ፈቃድ የሌላት ልጅ ቦታዬን ይዛለች ብሎ አቤት አለ። አልዋሸም፤ ችግሩም እሱ ነው። አለቃው ጠራኝና ወይ ፈቃዱን እንዳመጣ፣ ወይ የስፌት ሣጥኑን ቁልፍ እንዳስረክብ ነገረኝ። ዋስሽንም ነገ ይዘሽ ቅረቢ አለኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ወንድሜ ምን እንደሚለኝ፣ ባንኮኒው ስንት ክንድ እንደሚረዝም እያሰብኩ አለቀስኩ። አዳዳ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «በይ ፊትሽን ታጠቢ፤ ነገ ሰው ፊት እንቀርባለን» አለችኝ። እሷ ራሷ የእሁድ ቀሚሷን እያወጣች ነበር።

በማግሥቱ ስንደርስ አለቃው በረንዳው ላይ ቆሟል። ባለ ከረሜላው ፈቃዱ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ እየታየ ከጎኑ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ግቢው መካከል የላንድሮቨሯን መስታወት ይወለውላል፤ በሯን ከፍቶ እያናፈሳት ነበር።

«እማማ፣ ልጅቷ አልነዳችም» አለ አለቃው።

«አውቃለሁ። እሷ ካልነዳች ዋሷ ትነዳለች» አለች አዳዳ። «በእግሯ ተተክታ ብለህ አንብበውልኝ የለም? ልነዳ መጥቻለሁ።»

አለቃው ነገሩ አልገባውም። እሷ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች፣ ጃንጥላውን ከጎኗ አስቀምጣ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። አዳዳን ግን ምንም አላደናገራት። ወንበሩን ነቅነቅ አድርጋ ተመቻቸችበት።

«ቁልፉ የታል?» አለች።

ሾፌሩ ቁልፉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ «ጌታዬ፣ ይቺን መኪና ካስነኩብኝ ሥራዬን እለቃለሁ!» እያለ ይጮኻል። አለቃው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። በዚህ መካከል የአዳዳ እጅ፣ በድንገት ይሁን አውቃ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ ክላክሱን ተጫነው። ላንድሮቨሯ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። አጥሩ ሥር የነበሩ ፍየሎች ተበታተኑ፤ በነሱ ፈንታ ሰው ተሰበሰበ። አዳዳ ራሷ መጀመሪያ ደንገጥ አለች። ቀጥሎ ፊቷ በራ፤ ደግማ ተጫነችው።

«ውረጂ!» አለ አለቃው።

ጲጲጲ አለ መኪናው።

«እማማ፣ እባክዎ ይውረዱልኝ!» አለ። ቅቤ ነጋዴዋን አክስቴን እርስዎ ሲላት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«ከምኑ ነው የምወርደው?» አለች አዳዳ በመስኮቱ ብቅ ብላ። «ከመኪናው ነው ከዋስነቱ?»

አለቃው አንዴ እሷን፣ አንዴ ባለ ከረሜላውን አየ። ከዋስነቱ ይውረዱ ቢላት ዋስ የወረደባት ሠራተኛ በዚያው ቀን ስለምትሰናበት እኔን ማባረር ነው፤ ለመንዳት ዋስ ተቀብሎ ማስፈረሙም በኛ አቤቱታ ከላይ ይደርሳል። ከዋስነቱ አይውረዱ ቢላት ደግሞ በራሱ ማኅተም የታተመው ወረቀት ንጂ ይላታል።  አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል።

«ከመኪናው!» ብሎ ጮኸ አለቃው። «ከመኪናው ብቻ!»

«ዋስነቱስ?»

«ይቆይ!»

«እስከ መቼ?»

አለቃው ሲያመነታ እጇ እንደ ገና ወደ ክላክሱ ሄደ።

«እስክትነዳ ድረስ! እስክትነዳ ድረስ ይቆይ!»

ባለ ከረሜላው ሾፌር ሳቁን ማቆም አቅቶት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እናቴ፣ እኔ ረዳት ባስፈለገኝ ጊዜ አንቺን ነው የምቀጥረው» አላት። አለቃው ዞሮ፣ ዋሷ ስላልወረደች ቦታው አልተለቀቀም ሲለው ግን ሳቁ ቆመ። ቅር አላለውም አልልም። ከዚያ በኋላ ሲሬ ሊያደርሰኝ ከፊት ሲያስቀምጠኝ «እሺ አስተማሪ፣ ፈቃድሽ ደረሰ?» ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም።

አዳዳን ደግፌ ያወረድኳት እኔ ነኝ።  «ሰው ሁሉ አየኝ?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ሁሉም አየሽ አልኳት። «በይ እንሂድ፤ ገበያው አልፎብኛል» አለችና ጃንጥላዋን ዘረጋች። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ እንደሷ የምወደው ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ይታወቀኝ ነበር።

በዓመቱ ሌላ አስተማሪ አስፈለገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መንጃ ፈቃድ የሚለው መሥመር እንደ ቆመ ነው። አለቃው ሊሰርዘው አልደፈረም፤ ከሥሩ ግን በገዛ እጁ «ወይም ዋስ ያለው» ብሎ ጨመረበት። ከተማው ሳቀ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅኩ። በአዳዳ ቅቤ ማስቀመጫ ዙሪያ ቅቤ የማይገዙ ልጃገረዶች መቆም ጀመሩ። አለቃው ግን እሷን ግቢው እንዳያስገባት ዘበኛውን አስጠንቅቆት ስለ ነበር ልትረዳቸው አልቻለችም።

የምርመራው ዕለት እኔ ክፍሉ ጥግ ላይ ጨርቅ እቆርጣለሁ። ከጊምቢ ወዲያ የመጣች አንዲት ልጅ ገባች። የሰፋችውን አሳየች፤ አለቃው እንዳየው ሲወረውርልኝ ዓይኔ ሥር አድርጌ አየሁት፤ ከኔ የተሻለ ስፌት ነበር። አለቃው ወረቀቱን ሳብ አድርጎ «ዋስሽ ማን ነው?» አላት። ልጅቷ «ዋስ?» አለች። ነቀምቴ ውስጥ አንድ የሚያውቃት ሰው እንደሌለ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ያን ዓመት ሙሉ የሳቅሁበት ነገር ድንገት አላስቅ አለኝ። እኔ አዳዳ ነበረችኝ። አዳዳ የሌላትስ?

«ዋስሽን አልኩ» አለ አለቃው።

ልጅቷ ዞር ዞር አለችና እጇን ወደ ጥጉ ዘረጋች። እኔ ካለሁበት ፊቷ እንኳ አይታየኝም ነበር፤ ጣቷ ወደኔ መሆኑን ያወቅሁት አለቃው ወደኔ ሲዞር ነው።

«አንቺ ነሽ? ታውቂያታለሽ?»

«እንዴታ!» አልኩ። መቀሱን አስቀምጬ ተነሣሁ።

አለቃው በረጅሙ ተንፍሶ መሳቢያውን ሳበ። ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ፤ ቀርቤ ሳያት ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ይዛለች። እሱ ብዕሩን ቀለም እስኪነክር ድረስ ጎንበስ ብዬ ስምሽ ማን ነው አልኳት።